«የቁም ምስል» ወይስ «የመልክ ምስል»? ስለ ሰው ፎቶግራፍ ዓይነቶች ስያሜ

«ፎቶግራፍ» የሚለው ውሰት ቃል ከሥዕል፣ ከምስልና ከመልክ ጎን በቋንቋችን ቦታውን ከያዘ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ይሁን እንጂ የአንድን ሰው ገጽታና ማንነት ለማሳየት ተብሎ የሚነሣው ፎቶግራፍ፣ ማለትም ፈረንጆች «ፖርትሬት» የሚሉት፣ ሁሉም የሚስማማበት ስያሜ የለውም። ችግሩ የሚጎላው ተርጓሚው የዘርፉን ንኡሳን ዓይነቶች ለይቶ መጻፍ ሲገደድ ነው። ይህ ጽሑፍ በሥራ ላይ ያሉትን ቃላት መርምሮ የስያሜ ሐሳብ ያቀርባል።

በመጀመሪያ ግሡን እንመልከት። አማርኛ ፎቶግራፍን «ያነሣል»፤ ሥሩ በግዕዝ «ነሥአ»፣ ማለትም ወሰደ፣ ያዘ የሚለው ነው። በአርሲ፣ የጀጁ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በአርቦዬና በአካባቢዋ የሚነገረው አፋን ኦሮሞም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ ስሙ «ሱራ» ከዓረብኛ የመጣ ሲሆን፣ ግሡ «ካሱ» ማንሣት ማለት ነው። አማርኛ ተናጋሪው «ፎቶ መነሣት» ሲል ኦሮምኛ ተናጋሪው «ሱራ ከኡ» ይላል። በሁለቱም ቋንቋዎች ተነሺው የግሡ ባለቤት ስለሆነ፣ አስቦና ተሰናድቶ የቀረበ ሰው መሆኑ ይታሰባል። «ፎቶ አነሡት» ሲባል ግን ፈቃዱ አይታወቅም።

ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ አባቱ በመቅደላ በሞቱበት ዓመት፣ በ1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1868)፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በዋይት ደሴት በጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን ካሜራ ፊት ቀርቧል። አለባበሱንና አቀማመጡን ያሰናዱት ሌሎች ናቸው። ከምስሉ ግርጌ «ልዑሉ የተነሣው ፎቶግራፍ» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ ለሕፃኑ ያልነበረውን ፈቃድ ይሰጠዋል፤ «ልዑሉን ያነሡት» ቢል ግን ታሪኩን ይጠብቃል።

ወደ ስሙ ስንመለስ፣ በአንዳንድ ትርጉሞች «የቁም ምስል» የሚል ይገኛል። ስያሜው በሦስት ምክንያት ያሻማል። አንደኛ፣ «ቁም» መቆምን ስለሚያሳስብ ሙሉ ቁመትን ያመለክታል፤ ዳግማዊ ምኒልክ ዘውድ ደፍተው በዙፋን የተቀመጡበትን የታወቀ ፎቶግራፍ «የቁም» ማለት ግን አይመችም። ሁለተኛ፣ «በቁሙ» ማለት በሕይወት ሳለ ማለትም ነው። ሦስተኛ፣ በኅትመት ሥራ የገጽን አቀማመጥ ከአግድም ለመለየት «የቁም» ይባላል።

በዚህ ፈንታ «የመልክ ምስል» የሚለው የተሻለ ነው። መልክ ፊት ብቻ አይደለም። «መልክአ ማርያም» እና «መልክአ ኢየሱስ» በመሳሰሉት የግዕዝ ድርሰቶች ውዳሴው ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር ይወርዳል፤ ስለሆነም ቃሉ ጉርዱንም ሙሉውንም ያቅፋል።

ከዚህ ስያሜ ሥር የሚከተሉት ዓይነቶች ይመደባሉ።

«ጉርድ ምስል»፦ ከደረት በላይ ያለውን ብቻ የሚያሳይ። ቃሉ ከ«ጎረደ» የወጣ ሲሆን በጉርድ ቀሚስና በጉርድ ሾላ የምናውቀው ነው፤ ሕዝቡ ራሱ ያወጣው ስለሆነ ሊነካ አይገባውም።

«ሙሉ ምስል»፦ ከራስ እስከ እግር የሚያሳይ።

«የተሰናዳ ምስል»፦ በፎቶ ቤት፣ በተመረጠ ልብስ፣ መጋረጃና ብርሃን የሚነሣ። የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቹ የሚታወቁት በዚህ ነው።

«ከነቦታው ምስል»፦ ሰውን ከሥራውና ከኑሮው ጋር የሚያሳይ። አርኖልድ ኒውማን እ.ኤ.አ. በ1946 የሙዚቃ ደራሲውን ስትራቪንስኪን ከፒያኖው ጋር ያነሣበት ፎቶግራፍ ዋና አብነት ነው። «ከነ» የሚለው ቅጥያ ሌላው ቋንቋ በረጅም ሐረግ የሚለውን በአንድ ቃል ይገልጻል።

«የወትሮ ምስል»፦ ሰው ሳይሰናዳ እንደ ወትሮው ሳለ የሚነሣ። «ድንገተኛ» አደጋን፣ «የስርቆሽ» ደግሞ ነቀፋን ስለሚያስከትሉ አይመረጡም።

«የትእምርት ምስል»፦ ተነሺው ራሱን ሳይሆን ሐሳብን የሚወክልበት። እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተችው የአይዳ ሙሉነህ ሥራዎች፣ በተለይ ፊታቸው ቀለም የተቀባ ሴቶች የሚታዩባቸው፣ ከዚህ ይመደባሉ።

የፊት አቅጣጫን በሚመለከት «ፊት ለፊት»፣ «በከፊል ጎን» እና «በጎን» ማለት ይበቃል። ሆኖም በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ኃጥእ በጎንና በአንድ ዓይን እንደሚሣል ተርጓሚው ሊያስታውስ ይገባል።

ስያሜን በአገልግሎት መመሥረት ግን አያዋጣም። ለመታወቂያ ወረቀት የተነሣ ጉርድ፣ ባለቤቱ ሲሞት ጎልቶ ታትሞ በለቅሶ ቤት ይቆማል፤ አገልግሎቱ ተለወጠ እንጂ ምስሉ ያው ነው። በዛሬው የፋይዳ ምዝገባ ደግሞ ፊት እዚያው በቦታው ስለሚነሣ፣ «የመታወቂያ ፎቶ» ትናንት ያመለክተው የነበረውን ወረቀት ዛሬ ላያመለክት ይችላል። አነሣሡ ግን ጉርድ እንደሆነ ይኖራል።

ስለዚህ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች «የመልክ ምስል»ን ዋና ቃል አድርገው፣ ዓይነቶቹን በአነሣሣቸው ቢለዩና ከያንዳንዱ ስም ጋር ተገቢውን ግሥ ቢመዘግቡ ይበጃል። ስሙ ምስሉን ይለያል፤ የሰውየውን ድርሻ የሚነግረን ግን «ተነሣ» ወይም «አነሡት» የሚለው ግሥ ነው።