ሲጋራ የማያጤሰውን ሰው የሚጎዳ ጢስ

ሲጋራ የሚያጤስ ሰው ራሱን እንደሚጎዳ ብዙ ሰው ያውቃል። ነገር ግን በአንድ ክፍል አብረውት የሚቀመጡት ሚስቱ፣ ልጆቹና እንግዶቹ ሲጋራ በአፋቸው ሳይነኩ የጉዳቱ ተካፋዮች መሆናቸውን የሚያስተውለው ጥቂት ነው። ስለ ቤት ንጽሕና ለማስተማር ቤት ለቤት ስንዞር ወለሉ የተጠረገ፣ የመጠጥ ውሃው የተከደነ ቤት እናያለን፤ አየሩ ግን በሲጋራ ጢስ ታፍኖ እናገኘዋለን። ውሃችንና ምግባችን ንጹሕ ይሁን እንደምንል ሁሉ፣ በቤት ውስጥ የምንተነፍሰውም አየር ንጹሕ ሊሆን ይገባዋል።

ጢሱ ምን አለበት?

ከሲጋራ ሁለት ዓይነት ጢስ ይወጣል። አንደኛው አጤሹ ስቦ መልሶ የሚተነፍሰው ሲሆን፣ ሁለተኛው ከሚነደው ጫፍ ዝም ብሎ የሚትጎለጎለው ነው። ክፍሉን ከሚሞላው ጢስ አብዛኛው ይህ ሁለተኛው ነው። ይኸውም በማጣሪያ ያላለፈ፣ ትንባሆውም በደንብ ሳይነድ የሚወጣ ስለ ሆነ መርዙ ይበዛል። በትንባሆ ጢስ ውስጥ ከ7,000 በላይ ልዩ ልዩ ኬሚካሎች ይገኛሉ፤ ከነዚህም 70 ያህሉ ካንሰር የሚያመጡ ናቸው።

ከመርዞቹ አንዱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ቀለምም ሽታም የለውም። በተዘጋ ቤት ከሰል ሲነድ አድሮ ሰው ሲሞት «ከሰል አፈነው» የምንለው ይኸው ነው። በሲጋራ ጢስ ያለው መጠን እንደ ከሰሉ በአንድ ሌሊት አይገድልም፤ ሆኖም በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ እየያዘ ልብን ያደክማል።

ይህ በግምት የተባለ አይደለም። ታኬሺ ሂራያማ የተባለ የጃፓን ተመራማሪ ራሳቸው ሲጋራ የማያጤሱ ከ90,000 የሚበልጡ ባለ ትዳር ሴቶችን ለ14 ዓመት ተከታትሎ፣ ያገኘውን እ.ኤ.አ. በ1981 አሳተመ። ባሎቻቸው ብዙ ሲጋራ የሚያጤሱት ሴቶች፣ ባሎቻቸው ከማያጤሱት ይልቅ በሳንባ ካንሰር ይበልጥ ሞተው ተገኙ። (የሳንባ ካንሰር በትንፋሽ ከሚተላለፈው የሳንባ ነቀርሳ የተለየ በሽታ ነው።) ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች የተደረገው ምርመራ ይህንኑ አጸና። ከሚያጤስ ሰው ጋር መኖር የሳንባ ካንሰርንና የልብ በሽታን አደጋ ከመቶ ከ20 እስከ 30 እጅ ይጨምራል።

ይበልጥ የሚጎዳው ማን ነው?

ሕፃናት ናቸው። አዋቂ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ሲተነፍስ፣ አዲስ የተወለደ ሕፃን 40 ጊዜ ያህል ይተነፍሳል። ሳንባው ገና ያልጠና ነው፤ ጢሱ ሲከረፋው ተነሥቶ መውጣት አይችልም። ስለዚህ ጢስ ባለበት ቤት የሚያድግ ልጅ የሳንባ ምች፣ የጆሮ መግልና አስም ይበዛበታል። ተኝቶ ሳለ በድንገት የመሞቱም አደጋ ይጨምራል። ነፍሰ ጡር ሴት ጢሱን ብትተነፍስ ደግሞ ልጇ ክብደቱ አንሶ ሊወለድ ይችላል።

በተለይ የአራስ ቤት ያሳስበናል። ብርድ እንዳይመታት ተብሎ በርና መስኮቱ ይዘጋል፤ ዘመድ ወዳጁ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል ይሰበሰባል። ከመካከላቸው አንዱ ሲጋራ ቢለኩስ፣ የሦስት ቀን ሕፃን የሚተነፍሰው ያንኑ ነው።

ሰዎች የሚሉትና መልሱ

«መስኮት እንከፍታለን» ይላሉ። መስኮት መክፈት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ጢሱን ይቀንሰው እንደ ሆነ እንጂ መርዙን ጠርጎ አያወጣም። ዓይን ማየት ካቆመ በኋላም ለብዙ ሰዓት በአየሩ ይቆያል፤ በመጋረጃና በጋቢም ላይ ያርፋል።

«ዕጣን እናጤስበታለን» የሚሉም አሉ። ዕጣን ሽታውን ይሸፍናል እንጂ መርዙን አያጠፋም፤ በጢስ ላይ ጢስ መጨመር ነው።

«እኛ በምድጃ ጢስ አይደል ያደግነው፣ ታዲያ ምን ሆንን?» የሚሉም ብዙ ናቸው። የምድጃውም ጢስ ቢሆን የእናቶችን ሳንባና የልጆችን ደረት ይጎዳል፤ ለእርሱም ማእድ ቤቱን መለየትና የጢስ መውጫ ማበጀት ያስፈልጋል። አንዱ ጉዳት ስላለ ሌላው ይጨመር ማለት ግን አይደለም።

ምን እናድርግ?

1ኛ/ ከጣራ በታች ማንም ሰው ሲጋራም፣ ጋያም፣ ሺሻም እንዳያጤስ ቤተሰቡ ይስማማ። ለአባትም ለእንግዳም ደንቡ አንድ ይሁን።

2ኛ/ ማጤስ የማይቀርለት ሰው ከበርና ከመስኮት ርቆ ያጢስ። ደጃፍ ላይ ቆሞ ቢያጤስ ነፋሱ ጢሱን ወደ ቤት ይመልሰዋል።

3ኛ/ የሲጋራ መተርኮሻ ከሳሎን ጠረጴዛ ላይ ይነሣ። መተርኮሻ ያየ እንግዳ እንደ ተፈቀደለት ይቆጥራል።

4ኛ/ አጤሶ የገባ ሰው ሕፃን ከማቀፉ በፊት ኮቱን ያውልቅ፣ እጁንም በሳሙና ይታጠብ።

5ኛ/ ልጆች በተሳፈሩበት መኪና ውስጥ፣ መስታወቱ ቢከፈትም እንኳ፣ አይጤስ።

6ኛ/ ከሁሉ የሚበልጠው ፈጽሞ መተው ነው። ለመተው የፈለገ ሰው በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄዶ ምክር ይጠይቅ።

ብዙ ባለቤቶች የሚቸገሩት እንግዳን መከልከል ላይ ነው። በቤቱ የመጣን ሰው አታጢስ ማለት ነውር ይመስላቸዋል። ነገሩን በአክብሮት መናገር ይቻላል፦ «ጋሼ፣ ሕፃን ስላለ ወንበር ደጅ ላውጣልዎት፤ እዚያ እንጫወታለን» ብንል የሚቀየም አይኖርም። ወንበሩን ይዞ የወጣ እንግዳውንም ሕፃኑንም አከበረ።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በሥራ ቦታዎች፣ በሕዝብ መጓጓዣና ሕዝብ በሚገለገልባቸው ቤቶች ውስጥ ማጤስን ከልክሏል። ስለዚህ በአውቶቡስ ወይም በሻይ ቤት «እባክዎ ያጥፉልን» የሚል ሰው መብቱን ጠየቀ እንጂ ሰው አልደፈረም። በመኖሪያ ቤት ግን ደንብ የሚያወጡት አባትና እናት ናቸው። ዛሬ ማታ ቤተሰብ ለራት ሲሰበሰብ ተነጋግራችሁ ይህን ደንብ እንድትቆርጡ እናሳስባለን።