ጠባብ ሱቅ፥ ብዙ ዕቃ

የመርካቶ ልብስ ነጋዴ ሱቁ ሲጠብበው፥ ለጊዜው የማይፈለገውን ዕቃ ሩቅ መጋዘን ከመላክ ይልቅ በጆንያ ጠቅጥቆ እዚያው ጥግ ያኖረዋል። በሊኑክስ የሚሠራ ኮምፒዩተርም ዚራም የተባለ እንዲሁ ያለ ብልሃት አለው፤ ይኸውም ራም ሲሞላ፥ ሥራ የፈታውን መረጃ ወደ ዘገምተኛው ዲስክ በመስደድ ፈንታ አምቆ እዚያው ራም ውስጥ ማኖር ነው። ብዙ ጊዜም መረጃው በግማሽ ወይም በሲሶ ቦታ ይገባል። ብልሃቱ ከሙከራ ወጥቶ በሊኑክስ ዋና አካል የገባው እ.ኤ.አ. በ2014 ሲሆን፥ ዛሬ ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ይገለገሉበታል። እርግጥ ጆንያ ማሰርና መፍታት ጉልበት ይፈጃል፤ ድካሙም በፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። እንደ ፎቶግራፍ ያለ አስቀድሞ የታመቀ ነገርም ዳግመኛ እምብዛም አይታመቅም። ቢሆንም፥ አዲስ መግዣ ያጣ ተማሪ አሮጌ ኮምፒዩተሩን «አበቃለት» ከማለቱ በፊት ይህን ይሞክር።