ባቡሩ በደጅዎ ከማለፉ በፊት ስለ ጤናዎ ይናገሩ

የዛሬው ርዕሳችን ከመድኃኒትና ከመርፌ ራቅ ያለ ሊመስል ይችላል። ሆኖም የደም ግፊትና የአስም ታማሚዎችን፣ ሕፃናትንና አረጋውያንን በቀጥታ ይነካል። ጉዳዩ የከተማ ባቡር መስመር ሲዘረጋ ወይም ሲራዘም በሚደረገው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ላይ ነዋሪዎች የሚሰጡት አስተያየት ነው።

ለደም ግፊት ክትትል በየወሩ የሚመጡ አንዲት እናት ነበሩ። በሰፈራቸው ያለው መንገድ ሰፍቶ መሃሉ ሲታጠር ድንገት ቀሩ። ከወራት በኋላ ሲመለሱ ግፊታቸው በጣም ከፍ ብሎ አገኘሁት። “ምነው እማማ፣ ጠፉብን?” ስላቸው፣ “ልጄ፣ ጤና ጣቢያው ፊት ለፊቴ ይታየኛል፤ መሻገሪያው ግን ሩቅ ሆነ። ጉልበቴ እንቢ አለኝ” አሉኝ። ሥራው ሳይጀመር ለስብሰባ ተጠርተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። “ተጠርቼ ነበር። የመሐንዲሶች ጉዳይ መስሎኝ ቀረሁ” ነበር መልሳቸው።

እኚህ እናት የቀሩት ከስብሰባ ብቻ አልነበረም። የጉልበታቸውን ነገር ከእሳቸው በስተቀር ማንም መሐንዲስ ሊያውቀው አይችልም ነበር።

የባቡር ጥቅም አይካድም። በ2008 ዓ.ም መስከረም ወር አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ በሚያልፍበት መንገድ ጭስ አይለቅም። ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የተዘረጉት መስመሮቹ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ያጓጉዛሉ። ነገር ግን ማንኛውም መስመር ሲሠራም ሆነ ሲያገለግል በጤና ላይ ሊያሳድር የሚችለው ተፅዕኖ አስቀድሞ መታየት አለበት። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

አቧራ፦ በቁፋሮ ወቅት የሚነሳ አቧራ አስምን ይቀሰቅሳል፤ የሳንባ ሕመም ያለባቸውንም ያባብስባቸዋል።

ድምፅ፦ ሌሊት እንቅልፍን ደጋግሞ የሚያቋርጥ ድምፅ የሰውነትን የጭንቀት ሆርሞኖች ይጨምራል፤ ሲቆይም ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም ያጋልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ እ.ኤ.አ በ2018 ባወጣው መመሪያ የባቡር ድምፅ በቀንና በሌሊት አማካይ ከ54 ዴሲቤል፣ በሌሊት ደግሞ ከ44 ዴሲቤል በታች እንዲሆን ይመክራል።

መሻገሪያ፦ መሻገሪያው ከራቀ አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮችና በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱ ወገኖች ቤት ይውላሉ። ወጣቶች ደግሞ በአጥር ላይ ዘልለው ለአደጋ ይጋለጣሉ።

ከቦታ መነሳት፦ መስመሩ የሚያልፍበት ሰው ወደ ሌላ ሰፈር ሲዛወር ሕክምናው ሊቋረጥ ይችላል። በተለይ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ከተቋረጠ ጀርሙ መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል። ስለዚህ የታካሚዎች ዝውውር በዕቅዱ ውስጥ መግባት ይገባዋል።

በዚህ ጉዳይ መናገር መብትዎ ነው። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ያረጋግጣል። አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ በሚመለከተው የአካባቢ ጉዳይ ሐሳቡን እንዲገልጽ ይደነግጋል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት፣ በተለይም ተጎጂ ሊሆኑ የሚችሉ ነዋሪዎች የሰጡት ሐሳብ በሪፖርቱና በግምገማው እንዲካተት ያዛል።

ታዲያ አስተያየት እንዴት ይሰጣል? ለሐኪም እንደሚናገሩት ነው። አንድ ታካሚ “ያመኛል” ብቻ ካለኝ ልረዳው እቸገራለሁ። የት እንደሚያመው፣ መቼ እንደሚብስበት፣ ምን እንደሚያሻለው ሲነግረኝ ግን መንገዱ ይገለጥልኛል። “ድምፁ ይረብሻል” ከማለት ይልቅ “መኝታ ቤታችን ከመስመሩ 15 ሜትር ይርቃል፤ ቤት ውስጥ አራስ አለች፤ የሌሊቱ ሥራ በስንት ሰዓት ይቆማል? የድምፅ መከላከያ ግድግዳስ ይኖራል?” ቢሉ ይሻላል። “መሻገሪያ ይሠራልን” ከማለትም “ከጤና ጣቢያውና ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት፣ ደረጃ የሌለው መሻገሪያ ያስፈልገናል” ይበሉ። አቧራውን ለማብረድ ውኃ የሚረጨው ማን እንደሆነ፣ ድምፁን ማን እንደሚለካና ውጤቱ የት እንደሚገለጽ ይጠይቁ። የተናገሩት በቃለ ጉባኤ መስፈሩን ያረጋግጡ፤ ቢቻል በጽሑፍም ያስገቡ። መሄድ የማይችሉ ጎረቤቶችዎን አስቀድመው ጠይቀው የእነሱንም ጉዳይ ይዘው ይሂዱ።

ግንባታው በአቅራቢያዎ ከተጀመረ ደግሞ ቁፋሮ ባለበት ሰዓት መስኮት ይዝጉ። ቤትዎን በደረቁ ከመጥረግ በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ። አስም ካለብዎ የሚነፋውን መድኃኒት ከእጅዎ አይለዩት። የደም ግፊት ካለብዎና እንቅልፍ ከተዛባብዎ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይለኩ። ሳል ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየብዎ “የአቧራ ነው” ብለው አይተዉት፤ ይመርመሩ።

አበው “ሳይቃጠል በቅጠል” ይላሉ። በወረቀት ላይ ያለ መስመር በእርሳስ ይስተካከላል፤ ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ግን ማስተካከሉ ብዙ ገንዘብ፣ ብዙ ዓመትም ይጠይቃል። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” የሚባለውም ለሰፈር ይሠራል። እኚያ እናት ዛሬ የልጅ ልጃቸው እየደገፈቻቸው ለክትትል ይመጣሉ። ባለፈው ሲሰናበቱኝ፣ “ከእንግዲህ ስብሰባ ከተጠራሁ ወንበር ይዘውልኝ እንኳ ቢሆን እሄዳለሁ” አሉኝ። እርስዎም ሲጠሩ አይቅሩ።