ታላቂቱና ታናሺቱ የሸራ ጀልባ

በሸራ ጀልባ ሩቅ ባሕር ለመሻገር የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው፤ ትልቅ ይሻላልን ወይስ ትንሽ? ብሎ ነው። ለዚህም ብቻቸውን ዓለምን የዞሩ ሁለት እንግሊዛውያን ምስክሮች ናቸው።

ሰር ፍራንሲስ ቺቸስተር 16 ሜትር በምትረዝመው «ጂፕሲ ሞዝ 4ኛ» እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ተነሥተው፤ በሲድኒ ብቻ አርፈው፤ በ226 የጉዞ ቀን ፈጸሙ። ሮቢን ኖክስ ጆንስተን ግን በ1968 በቦምቤይ በተሠራችው፤ 10 ሜትር እንኳ በማትሞላው «ሱሃይሊ» ተነሥተው፤ የትም ሳያርፉ በ312 ቀን ተመለሱ።

ጀልባ በረዘመች መጠን ፍጥነቷ ይጨምራል፤ ነገር ግን ሸራዋም ይሰፋል። ማዕበል በተነሣ ጊዜ ሸራውን የሚያወርደው ያው አንድ ሰው ነው። ቺቸስተርም ስለ ጀልባቸው አስቸጋሪነት አማረዋል። ታናሺቱ ብትዘገይም ለአንድ ሰው እጅ ትታዘዛለች።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ የጀልባውን ርዝመት ከመለካት በፊት የራስን ክንድ መለካት ይገባል።