ልብን ከልጅነት ጀምሮ መጠበቅ

በሸዋ ቤንች፥ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አገር ቡና የሚያለማ ገበሬ የሚያስጨንቀው ብዙ ነው፤ ዝናቡ፥ የዋጋው መውደቅ፥ ዕዳው። «ልቤ ተጨነቀ» ሲባል ግን ምሳሌ ብቻ አይምሰለን። ሰው ሲጨነቅና ሲቆጣ የልቡ ትርታ ይፈጥናል፥ የደም ሥሮቹ ይጠባሉ፥ የደሙም ግፊት ከፍ ይላል፤ ይህም ሲደጋገም ልብን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. የታተመ፥ በ52 አገሮች ወደ 30,000 የሚጠጉ ሰዎችን የመረመረ ጥናት ድንገተኛ የልብ ሕመምን ከሚያመጡት 9 ነገሮች መካከል ጭንቀትን ከትንባሆና ከደም ግፊት ጋር ቆጥሮታል።

የሕመሙ ዘር የሚዘራው በእርጅና አይደለም። ሕፃን ጨው ማብዛትን ከቤቱ ማዕድ፥ ቁጣን ከወላጆቹ ይማራል። ወጣቱ ሲጋራና መጠጥ ይለምዳል። ጎልማሳው ቂምንና ዕዳን ለብቻው ይሸከማል። ሽማግሌውን ልጆቹ ሲርቁት ብቸኝነት ይጎዳዋል።

እንግዲህ በቤታችን የአንድ ሰው ጨው በቀን ከ5 ግራም፥ ይኸውም ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይብለጥ። ጾማችን ከቁጣም ይሁን። የተጣላ ሳያድር ይታረቅ፤ የተጨነቀ ለንስሐ አባቱ ይንገር፤ ብቸኛው ሽማግሌም ለቡና ይጠራ።

አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናለን። የደም ግፊት መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ጠበል ስለ ጀመረ መድኃኒቱን አይተው። ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ይቆያልና፥ አላመመኝም ማለት ድኛለሁ ማለት አይደለም። ጠበሉም መድኃኒቱም የአንዱ አምላክ ስጦታ ናቸው።