የፕላስቲክ ትልና የሐይቅ ቆሮሶ

እ.ኤ.አ. በ1949 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ በጎማ ፋብሪካዎቿ በምትታወቀው አክረን ከተማ፣ ኒክ ክሪም የሚባል ሰው ከባለቤቱ ከኮዝማ ጋር በማእድ ቤታቸው ምድጃ ላይ ፕላስቲክ ያቀልጥ ነበር። ሊሠሩ ያሰቡት የምድር ትል ነው። ከእውነተኛ ትል ቅርጽ አወጡ፤ ፕላስቲኩን ከዘይትና ከቀለም ጋር አዋህደው አፈሰሱበት። ሲበርድ የወጣው ነገር ይተጣጠፋል፣ ውኃ ውስጥ ይወዛወዛል፣ አይሞትም፣ አይበሰብስም። በፖስታ ቤት በኩል ለዓሣ አጥማጆች ይሸጡት ጀመር። ዛሬ በዚያው ዘዴ ትል፣ እንቁራሪትና ትንንሽ ዓሣ የሚመስሉ ማጥመጃዎችን በብዛት የሚያመርቱ ፋብሪካዎች አሉ። የማእድ ቤቱ ሙያ ግን አልጠፋም፤ የራሱን ማጥመጃ በራሱ ጓዳ የሚሠራ አጥማጅ ብዙ ነው።

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ሐይቅ ከተማ ይደረሳል። በአጠገቡ ባለው የሐይቅ ውኃ ዳር መንጠቆ ይዞ የቆመ ሰው ይህን ወሬ ቢሰማ የመጀመሪያ ጥያቄው አንድ ነው፦ «እዚህ ይሠራል ወይ?» መልሱ እንደ ዓሣው ነው። ዓሣው ጋ ከመድረሳችን በፊት ግን ሙያውን እንይ፤ ለራሱም ቢሆን መታየት ይገባዋልና።

ጥሬ ዕቃው ፕላስቲሶል ይባላል። እጅግ የደቀቀ የፒቪሲ ዱቄት፣ ዘይት በሚመስል ማለስለሻ ፈሳሽ ውስጥ ተበትኖ የሚገኝ ነው። ደረቁ የውኃ ቧንቧም ከፒቪሲ ነው የሚሠራው፤ ቧንቧውን ጠንካራ፣ ትሉን ልፍስፍስ የሚያደርገው የማለስለሻው መጠን ነው። ሲገዛ ነጭ ፈሳሽ ነው። ቆይቶ ሲቀመጥ ዱቄቱ ወደ ታች ስለሚዘቅጥ ሳይናወጥ አይቀዳም፤ ይህን የዘነጋ ሰው ከጠርሙሱ አፍ ላይ በጣም ለስላሳ፣ ከሥሩ ደግሞ ድርቅ ያለ ትል ያወጣል።

ፈሳሹ ሲሞቅ መጀመሪያ እንደ ገንፎ ይጓጉላል። ጀማሪ እዚህ ላይ ተበላሸብኝ ብሎ ሊደፋው ይችላል፤ አልተበላሸም። ሙቀቱ ወደ 175 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲጠጋ ዱቄቱ ማለስለሻውን ጨርሶ ይመጥጠውና ጓጉሉ ይፈታል፤ ነጭነቱ ጠፍቶ ጥርት ያለ፣ የሚዝለገለግ ፈሳሽ ይሆናል። ወደ ቅርጹ ለማስገባት የሚፈለገው ያ ነው። በፈላ ውኃ ላይ ድስት ደርቦ ማሞቅ አይሆንም። በሐይቅ ከተማ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቢንተከተክ ፕላስቲሶሉን ከጓጉል አያሳልፈውም። በከሰል ምድጃ ላይ ደግሞ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ከታች ያለው ሲያር ከላይ ያለው ገና ጥሬ ይሆናል። ስለዚህ አብዛኛው የቤት ሠራተኛ ሙቀት በሚችል የብርጭቆ ጆግ አድርጎ ማይክሮዌቭ ውስጥ ያስገባዋል። ጥቂት አሙቆ ያማስላል፣ መልሶ ያሞቃል፣ በቴርሞሜትር ይለካል። ያ ማይክሮዌቭ ከዚያ በኋላ ምግብ አይገባበትም።

ከልኩ ካለፈ ፕላስቲኩ ይቢጫል፣ ከዚያም ይጠቁራል፤ ሲያርም ሃይድሮጂን ክሎራይድ የሚባል ጋዝ ይለቃል። ይህ ጋዝ ከሳንባ እርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል። ስለዚህ ሥራው ደጅ ወይም ነፋስ በሚያሳልፍ ቦታ፣ በመተንፈሻ ጭንብል ነው የሚሠራው። ከጋዙ የማይተናነሰው ጠላት ውኃ ነው። በ175 ዲግሪ ላይ ያለ ፕላስቲሶል ውስጥ አንዲት ጠብታ ውኃ ብትገባ በቅጽበት ተንና ፈንድታ የጋለውን ፕላስቲክ ትረጨዋለች፤ እሱ ደግሞ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራል እንጂ አይንጠባጠብም። መነጽር፣ ጓንት፣ ረጅም እጅጌ ያስፈልጋል። ልጆች ባሉበት ባይሞከር እመርጣለሁ።

ቀለሙ፣ የሚያብለጨልጨው ብናኝ፣ አንዳንዴም የደቀቀ ጨው የሚጨመረው በዚህ መሐል ነው። ጨው ሁለት ሥራ አለው፦ ትሉን ከብዶ እንዲሰምጥ ያደርገዋል፤ ዓሣውም ሲነክሰው ጣዕም አግኝቶ ቶሎ እንዳይተፋው ያግዛል ይላሉ።

አሁን ሲሪንጁ ይመጣል። የአሉሚኒየም ቱቦ ነው፤ ውስጡ የጎማ ቀለበት የታጠቀ ገፊ ዘንግ አለው። ከጆጉ የጋለውን ፈሳሽ ይመጥጣል፤ አፉ ቅርጽ ማውጫው (ሞልዱ) ላይ ካለው ቀዳዳ ገጥሞ ይገፋል። ሞልዱ በሁለት ክፍል የተፈለፈለ አሉሚኒየም ነው። እያንዳንዱ ክፍል የትሉን ግማሽ ጎን ይዟል፤ ሁለቱ በችንካር ተገጣጥመው በማሰሪያ ይጠብቃሉ። ፈሳሹ የሚገባበት አንድ ሰፊ መንገድ፣ አየሩ የሚሸሽባቸው ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጭረቶች አሉት። ቶርኖና ፍሬዛ ያለው የብረታ ብረት ቤት ሊያበጀው የሚችል ዕቃ ነው።

ክሪምና ባለቤቱ እንዳደረጉት ክፍት ቅርጽ ላይ ማፍሰስም ይቻላል፤ ችግሩ የትሉ አንድ ወገን ጠፍጣፋ ሆኖ መቅረቱ ነው። በግፊት የሚሞላ የተዘጋ ሞልድ ግን ሙሉ ድቡልቡል አካል፣ እግር፣ ክንፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስስ ጅራት ያወጣል። ማጥመጃው ሲጎተት እንዲርገበገብ የሚያደርገው ያ ስስ ጅራት ነው፤ የሙያው ፈተናም ያለው እዚያው ነው። ሞልዱ ቀዝቃዛ ከሆነ ፈሳሹ ጅራቱ ጫፍ ሳይደርስ ይረጋል። በጥድፊያ ከተገፋ አየር ያፍናል። ቀስ ብሎ፣ ሳያቋርጡ፣ መግቢያው እስኪሞላ መግፋት ነው። ከሞላም በኋላ ሲሪንጁ ወዲያው አይነሣም፤ ፕላስቲሶል ሲበርድ ስለሚሸማቀቅ ግፊቱ ጥቂት ካልቆየ የትሉ ጀርባ ይሰረጉዳል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ውጤቶች አብዛኛውን ጊዜ ለውድቅ ናቸው፤ ሞልዱ ሲሞቅ ሥራው ይቃናል። ከሞልዱ የወጣው ትል ገና ትኩስ ሳለ በልኩ መዘርጋት አለበት፤ ተጣሞ የበረደ ተጣሞ ይቀራል፣ ሲጎተትም በዘንጉ እየዞረ ክሩን ያጠላልፋል።

አሉሚኒየም የማይገኝለት ሰው በጄሶ ይጀምራል። ሞዴሉን ቫዝሊን ቀብቶ እስከ ግማሹ ጄሶ ውስጥ ያስተኛዋል፤ ሲደርቅ ሌላውን ግማሽ ከላይ ያፈስበታል። በጄሶ ላይ የሚሠራው ስህተት መቸኮል ነው፤ ጨርሶ ካልደረቀ የቀረው እርጥበት በጋለው ፕላስቲክ ሥር ፈልቶ ትሉን በአረፋ ይበሳሳዋል። ፊቱን በቀጠነ ኮላ ደጋግሞ መቀባት ይረዳል። አሮጌ ፕላስቲክ ጫማ አቅልጬ ትል ልሥራ የሚል ብልህ አይጠፋም፤ እኔ አልመክርም። የትኛው የፕላስቲክ ዓይነት እንደሆነ አይታወቅም፣ ውስጡ ምን እንደተጨመረበትም እንዲሁ፤ ለምግብ የሚሆን ዓሣ የሚወጣበት ውኃ ውስጥ የሚገባ ነው።

ለስላሳው ትል ደግሞ አንድ የሚገርም ጠባይ አለው። በማለስለሻው ምክንያት ጎረቤቱን ያበላሻል፤ ቀይና ነጩን አንድ ከረጢት ውስጥ ቢያሳድሩ ነጩ ሮዝ ሆኖ ያድራል፣ ከአንዳንድ ደረቅ ፕላስቲክ ሣጥን ጋር ቢያስቀምጡት ሣጥኑን አሟሙቶ ይጣበቅበታል።

እንግዲህ ትሉ ተሠራ። ማን ይበላዋል?

የሐይቅ ገበያ ዋናው ዓሣ ቆሮሶ ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ሲያቀኑ ቆሮሶ በዚያ ውኃ አልነበረም። ሰው አምጥቶ የጨመረው በቅርቡ፣ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው። አድጎ የጎለመሰ ቆሮሶ ደግሞ በዋናነት በውኃው ላይ የተንሳፈፈውን ደቃቅ አልጌ እያጣራ የሚኖር ነው። የሚያባርረው ትል የለም፤ ምግቡ በዓይን ከሚታየው በታች ነው። የፕላስቲክ ትል እየተርገበገበ ከፊቱ ቢያልፍ እንደ ምግብ የሚያይበት ምክንያት አነስተኛ ነው። በሐይቅ ቆሮሶ የሚወጣው በአብዛኛው በመረብ መሆኑ ከዚህ ጋር ይስማማል።

ቢሆንም ቆሮሶ የሚነክስበት ጊዜ አለ። በመራቢያ ወቅት ወንዱ ዳር ዳሩን አሸዋውን ቆፍሮ ጎጆ ያበጃል፤ ወደዚያ የቀረበውን ሁሉ ያባርራል። ትንሽ የፕላስቲክ ትል ጎጆው ላይ ብትወድቅ በአፉ አንሥቶ ሊያወጣት ይሞክራል፤ የሚያዘውም ያኔ ነው። እዚህ ላይ ዓሣው የተያዘው ቤቱን ሲጠብቅ ነው። አጥማጅነቱ ያስመሰግናል፣ ዘሩን ለማብዛት ግን ደግ ጊዜ አይደለም።

የቆሮሶው መምጣት ውኃውንም ሳይለውጠው አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1969 ገደማ ተመራማሪዎች ሐይቁን ሲለኩ ነጭ ሳሕን መሰል መለኪያቸው እስከ 9 ሜትር ጥልቀት ይታያቸው ነበር። ኤልሳቤጥ ከበደና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተሙት ጥናት ግን ይህ ርቀት ከ2 ሜትር ያነሰ ሆኖ፣ አልጌውም በብዙ እጥፍ በዝቶ አገኘው። ከቀረቡት ማብራሪያዎች አንዱ፣ አዲሱ ዓሣ አልጌ በል የሆኑትን ጥቃቅን የውኃ እንስሳት ማመናመኑ ነው። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ቃል በቃል ሊሠራ ምንም አልቀረው። ለእኛ ጉዳይ ቁም ነገሩ ብርሃን ነው፦ የፕላስቲክ ትል የሚሸጠው መልኩን ነው፤ ውኃው ሲደፈርስ መልክ የሚያይ ዓይን ያጣል።

ሁለተኛው አምባዛ ነው። ይህ በእርግጥ አዳኝ ነው፤ ዓሣም፣ ነፍሳትም፣ ያገኘውን ይበላል። ነገር ግን የሚያድነው በአብዛኛው ሌሊት፣ በአፉ ዙሪያ ባሉት አራት ጥንድ ጢሞቹ እየዳሰሰና እያሸተተ ነው። ሽታ የሌለው ፕላስቲክ ለእሱ ምንም አይነግረውም። የምድር ትል ወይም የዓሣ ቁራጭ በመንጠቆ ቢሰቀልለት ይመርጣል፤ ፕላስቲክ የሚሠሩ ሰዎች ነጭ ሽንኩርትና የዓሣ ዘይት የሚቀቡትም ለእንዲህ ዓይነቱ ዓሣ ነው። ሦስተኛው ካርፕ ደለሉን እየቆፈረ በአፉ የሚያበጥር ነው፤ ከእሱም ብዙ ተስፋ አይጣል።

በዓይኑ የሚያድን ዓሣ የሚፈልግ ሰው ከወሎ ወጥቶ ወደ ባሕር ዳር ቢሻገር ይሻለዋል። በጣና ሐይቅ ብቻ የሚገኙ 15 ያህል የባርበስ ዝርያዎች አሉ፤ ከእነሱ ግማሽ ያህሉ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው። ከባርበስ ወገን ዓሣ በል መውጣቱ በዓለም ብርቅ ነው፤ መንጋጋቸው ጥርስ የለውም፣ የሚያደቁት ጉሮሯቸው ውስጥ ባለ ጥርስ ነው። ለእነዚህ ትንሽ ዓሣ መሳይ ስስ ጅራት ያለው ፕላስቲክ ቋንቋቸው ነው። በጫሞ ሐይቅ ያለው ናይል ፐርች ደግሞ ከዚያ ተለቅ ያለውን ይጠይቃል። አንድ ሞልድ ለአንድ ዓሣ ነው እንጂ ለአገር ሙሉ አይሆንም።

ወደ ሐይቅ ልመለስ፤ አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ስላለ ነው። ፕላስቲክ ወደ ሐይቆቻችን የገባው በትል አይደለም፣ በናይለን መረብ ነው። በጣና ዘመናዊው የናይለን መረብና የሞተር ጀልባ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ነው፤ በሐይቅም ዛሬ የሚዘረጋው ናይለን ነው። ለስላሳው ትል ግን ከመረብም ይልቅ በቀላሉ ይቀደዳል፤ መንጠቆው ላይ ይበጠስና ውኃ ውስጥ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ለስላሳ ፕላስቲክ የዋጡ ትራውት ዓሦች የምግብ ፍላጎታቸው ተዘግቶ ክብደታቸው መቀነሱን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 በሜይን ግዛት ምክር ቤት ማጥመጃውን የሚከለክል ረቂቅ ሕግ ቀርቦ፣ ብዙ ክርክር አስነሥቶ፣ ጉዳዩ ለጥናት ተመርቷል። የሐይቅ ውኃ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝም የለውም። በውስጡ የወደቀ ፕላስቲክ ጠርጎ የሚወስደው ጎርፍ አያገኝም።

ለዚህ ከሙያው ውስጥ አንድ መላ አለ። የተቀደደው ትል፣ ከሞልዱ መግቢያ የተቆረጠው ትርፍ፣ ለውድቅ የሄደው ሁሉ ተሰብስቦ እንደገና ይቀልጣል፤ ጥቂት ማለስለሻ ከታከለበት ደጋግሞ ይሠራል። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊው አብሮ ሲቀልጥ የሚወጣው ቀለም ጥቁር ቡናማ ነው። ለመደርደሪያ አያምርም። አጥማጆች ግን ለደፈረሰ ውኃ የሚመርጡት ጠቆር ያለውን ነው፤ ከላይ በሚወርደው ብርሃን ላይ ጥላው ጎልቶ ይታያልና። አንድ ሰው ለሐይቅ አምባዛ ትል ልሥራ ቢል፣ ከቁርጥራጭ ክምር በሚወጣው በዚያው ጥቁር ቡናማ ቢጀምር፣ ነጭ ሽንኩርቱንም ባይረሳ ይሻለዋል።