ጉድጓድ የከፈተ ሰው የመክደን ዕዳ አለበት

ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 21 ስለ ጉድጓድ የደነገገችው ሕግ አለ። አንድ ሰው ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድነው ቢተወው፣ የሌላ ሰው በሬ ወይም አህያ ወድቆ ቢሞትበት፣ የከብቱን ዋጋ የሚከፍለው የጉድጓዱ ባለቤት ነው። ሕጉ በሬው ወደዚያ ለምን ሄደ ብሎ አይመረምርም፤ እረኛውንም አይወቅስም፤ ዕዳውን የሚያደርገው በቆፋሪው ላይ ነው። ይህን ቃል ሊቃውንቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። ዛሬ ግን ይህንኑ ፍርድ ወደ ድንጋይ ካባዎቻችንና ወደ ጠጠር ማውጫዎቻችን ወስደን ልንመለከተው እንወዳለን።

ጠጠር ለአገር ልማት የሚያስፈልግ መሆኑ ለማንም የተሰወረ አይደለም። መንገድም፣ ድልድይም፣ ትምህርት ቤትም፣ ሐኪም ቤትም፣ ቤተ ክርስቲያንም ያለ ድንጋይና ያለ አሸዋ አይቆምም። ስለዚህ ካባ ፈጽሞ አይከፈት የሚል ሰው ቢኖር ነገሩን አላስተዋለውም። ነገር ግን መንገዱ ተመርቆ ሕዝቡ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ፣ ጠጠሩ የወጣበት ጉድጓድ አፉን ከፍቶ በገበሬው ማሳ አጠገብ ቢቀር፣ አንዱን ሠራን ስንል ሌላውን አፈረስን ማለት ነው።

የተተወ ጉድጓድ የሚያመጣው ጉዳት ብዙ ነው። ክረምት ሲገባ ውኃ ይሞላዋል፤ ውኃውም ከላይ ሲያዩት ጥልቀቱ ስለማይታወቅ ለዋና የሚገቡትን ልጆችና ለመጠጣት የሚወርዱትን ከብቶች ያሰጥማል። የተኛው ውኃ የወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል። ዳሩ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ እንደ ሆነ በየዓመቱ እየተናደ የባልንጀራውን እርሻ ይበላል። ጠጠሩ የሚወጣው ከወንዝ ሲሆን ደግሞ የወንዙ ወለል ዝቅ እያለ ይሄዳል፤ በዳርቻው ያሉ የጕድጓድ ውኃዎች ይሸሻሉ፤ የድልድይ መሠረትም ይጋለጣል። አንዱን ድልድይ ለመሥራት በወጣ ጠጠር ሌላው ድልድይ እንዲፈርስ የሚፈቅድ ማን ነው?

ሕግስ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 ሥራ ከመጀመሩ በፊት በአካባቢ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እንዲመረመር አዝዟል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 ደግሞ የማዕድን ማምረት ፈቃድ የያዘ ሰው የተጎዳውን መሬት መልሶ ለማልማት የሚሆን ገንዘብ እንዲመድብ ግዴታ ጥሎበታል። ለአገር ውስጥ ባለሀብቶች የግንባታ ማዕድን ፈቃድ የመስጠቱን ሥልጣንም ለክልሎች ሰጥቷል። እንግዲህ የጠጠር ጉዳይ የሩቅ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ጉድጓዱን በዓይኑ ሊያየው የሚችለው የቅርቡ ሹም ኃላፊነት ነው።

ሕግ በወረቀት መጻፉ ግን ጉድጓድን አይሞላም። ጉድጓድን የሚሞላው ቁጥጥር ነው፤ ቁጥጥርም ጊዜ አለው። ተቆጣጣሪው ሥራው ካለቀ በኋላ ብቻ ቢመጣ፣ ቀብር ካለፈ በኋላ እንደሚደርስ ሐኪም ነው። ዶዘሩ ሄዷል፤ ሥራ ተቋራጩ በሌላ አገር ሌላ ሥራ ይዟል፤ የላይኛው አፈርም ከድንጋዩ ጋር ተደባልቆ ጠፍቷል። ስለዚህ የመመለሱ ሥራ መጀመር ያለበት በመጨረሻው ቀን ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን ነው።

በመጀመሪያው ቀን የሚደረገው ይህ ነው። ድንጋዩ ከመነካቱ በፊት ጥቁሩ የላይ አፈር ተገፍፎ ለብቻው ይከመራል፤ ክምሩ እንዳይበዛና ጎርፍ እንዳይወስደው ሣር ይዘራበታል። ጥቂት ጣት ያህል አፈር ለመፈጠር መቶ ዓመታትና ከዚያም በላይ ይፈጃልና፣ ያን አፈር ማባከን የልጅ ልጆችን ርስት ማባከን ነው። ገንዘቡም ፈቃዱ ሲሰጥ በአደራ መቀመጥ ይገባዋል። ከዚያ በኋላ ቁፋሮው በክፍል በክፍል ይሄዳል፤ አንዱ ክፍል ሲያልቅ ዳሩ ተዳፋት ይሆናል፣ የተቀመጠው አፈር ይመለስበታል፣ የውኃ መውረጃ ይበጅለታል፣ ይተከልበታል። ተቆጣጣሪውም የተመለሰውን መሬት በእግሩ ረግጦ ካየ በኋላ እንጂ በደብዳቤ ተማምኖ ገንዘቡን መልቀቅ አይገባውም።

ይህ ሁሉ ምኞት ብቻ እንዳይመስል በጎረቤታችን በኬንያ የተደረገውን እንመልከት። ከሞምባሳ ከተማ በስተሰሜን በባምቡሪ የሚገኘው የሲሚንቶ ፋብሪካ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1954 ጀምሮ የኖራ ድንጋይ ሲያወጣ ኖሮ፣ ስፍራው አፈር የሌለበት፣ ከሥሩም ጨዋማ ውኃ ያለበት ነጭ በረሃ ሆነ። በ1971 ሬኔ ሃለር የተባለው የስዊስ ተወላጅ የእርሻ ዐዋቂ መሬቱን ለማዳን ተነሣ። 26 ዓይነት ዛፎችን ተከለ፤ የጸኑት ሦስት ብቻ ነበሩ። ከእነርሱም ዋናው በአገራችን ሸውሸዌ የሚባለው ዛፍ ነበር። ቅጠሉ ረግፎ አልበሰብስ ቢል፣ ሺ እግር የሚባለውን ነፍሳት አምጥቶ ለቀቀበት፤ ነፍሳቱም ቅጠሉን እየበላ ወደ አፈርነት ለወጠው። ዛሬ ስፍራው በሃለር ስም የሚጠራ የዱር አራዊት መናፈሻ ነው፤ ቀጭኔና ጉማሬ ይታዩበታል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ የሞተ የሚመስል መሬት ይነሣል፤ ነገር ግን አፈሩ አስቀድሞ ባለመቀመጡ አፈርን እንደ ገና መፍጠር ረዥም ዘመን ፈጀ። ሁለተኛ፣ ፋብሪካው በዚያው ስፍራ የሚኖር ስለ ነበረ መታገሥ ቻለ። ቆፍሮ የሚሄደውን ሥራ ተቋራጭ ግን በስፍራው የሚያቆየው ነገር የለም፤ ስለዚህ እርሱን የሚያስታውሰው ሕግና በአደራ የተያዘው ገንዘብ ነው።

በዚህ ሥራ የካህናት ድርሻ ትንሽ አይደለም። ሌላው ደን ባለቀበት አገር የቀረውን ወይራና ጽድ በቅጥሯ ጠብቃ ያቆየች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ለተመለሰው ካባ የሚሆን የአገር ዛፍ ዘር ከዚያ ይገኛል። ደግሞም አዳም በገነት የተቀመጠው እንዲሠራትም እንዲጠብቃትም መሆኑን የሚያስተምሩት እነርሱ ናቸውና፣ መሥራትና መጠበቅ የማይለያዩ መሆናቸውን ለምእመናን፣ የካባ ባለቤት ለሆኑትም ጭምር፣ ቢነግሩ ቃላቸው ይሰማል።

ሹማምንትም ፈቃድ ለመስጠት ብዕር በሚያነሡበት ሰዓት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ አፈሩ የት ይቀመጣል? ገንዘቡ በማን እጅ አለ? ጉድጓዱስ በየትኛው ቀን ይከደናል? ለእነዚህ መልስ የሌለው ሰው ዶዘሩን ወደ ማሳው ባያስገባ ይሻላል። ኦሪት የበሬውን ዋጋ ታስከፍላለች፤ በጉድጓዱ ውስጥ የገባው የእረኛው ልጅ የሆነ እንደ ሆነ ግን ዋጋውን ከፍሎ የሚጨርስ አይገኝም።